የወረዳ የውሃና ፍሳሽ ክትትል ኮሚቴ እንዴት ይሠራል? ቦዩ ከመደፈኑ በፊት

መንገድ ሲበላሽ ሁሉም ያየዋል፤ ሕንፃ ሲሰነጠቅም እንደዚያው። የውሃና የፍሳሽ መስመር ግን አንዴ አፈር ከለበሰ በደንብ ይሠራ አይሠራ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ክረምት ገብቶ ማንሆሉ በር ላይ ሲገነፍል ወይም ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ሽታው ሲለወጥ ነው። በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በልደታና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች ያሉ ነባር ሰፈሮች ይህን ችግር አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ በወረዳ ደረጃ የሚቋቋም የክትትል ኮሚቴ ዋናው የሥራ ቦታው ቦዩ አፋፍ ላይ፣ ዋናው የሥራ ሰዓቱም ቦዩ ተከፍቶ ያለበት ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው ለኮሚቴው ለተመረጣችሁ ወይም ለመመረጥ ላሰባችሁ ነዋሪዎች ነው።

ማን ይግባ?

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ ስብሰባው ይበዛና ሜዳ የሚወጣ ይጠፋል። አንዱ ግንበኛ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ይሁን፤ በየሰፈሩ አለ፣ ለኮሚቴ የሚጠራው ጠፍቶ ነው እንጂ። አንዱ የእድር ጸሐፊ ይሁን፤ ቃለ ጉባኤ መያዝና ወረቀት መጠበቅ ሥራው ነው። አንዱ ስልኩ በደንብ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት ይሁን። ቢያንስ ሁለቱ ደግሞ ለቤታቸው ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ይሁኑ። ይህን የምለው ለቁጥር ማሟያ አይደለም። ፈረቃው ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የየትኛው ግቢ ሮቶ ሞልቶ የየትኛው ግቢ ጀሪካን ባዶውን እንደሚያድር፣ የጋራ መጸዳጃ ቤቱ በየትኛው ወር እንደሚሞላ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም።

ከተቋራጩ ጋር ማናቸውም የገንዘብ ግንኙነት ያለው ሰው አይግባ። አሸዋ የሚያቀርብለት፣ መጋዘን ያከራየው፣ ልጁን ያስቀጠረለት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታል። ሰውየው ጨዋ ቢሆንም እንኳ ነገ ቅሬታ ሲቀርብ የኮሚቴው ቃል ይረክሳል።

ከዚያ ወረዳው ማህተም ያረፈበት የእውቅና ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ያለዚህ ወረቀት የፕሮጀክቱ ጥበቃ እንኳ ከአጥሩ አያሳልፋችሁም። ለወረዳው ምክር ቤትም ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ በየስንት ጊዜው ሪፖርት እንደምታቀርቡ አብራችሁ አስወስኑ።

የማን ቱቦ እንደሆነ ለዩ

ብዙ አቤቱታ የሚባክነው ለማይመለከተው ቢሮ ስለሚቀርብ ነው። የመጠጥ ውሃውና የፍሳሽ ቆሻሻ መስመሩ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ ሰፈራችሁን የሚያገለግለውን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ እወቁ። የባለሥልጣኑ የጥሪ ማዕከል ቁጥር 906 ነው። ከመንገድ ዳር የዝናብ ውሃ የሚወስደው ማፋሰሻ ደግሞ ከመንገዱ ጋር የሚሠራና በመንገድ በኩል የሚጠየቅ ነው።

ልዩነቱ የቢሮ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ በመሆኗ ፍሳሹ በአብዛኛው በራሱ ቁልቁለት እየወረደ በደቡብ ወደሚገኘው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ያ መስመር የተለካው ከቤት ለሚወጣ ፍሳሽ ብቻ ነው። የጣሪያ አሸንዳና የግቢ ጎርፍ ሲለቀቅበት የሐምሌን ዝናብ ሊሸከም አይችልም፤ ከላይ ፒያሳ አካባቢ የገባው ጎርፍ ከታች ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ባለው ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ተቃራኒውም አለ፤ የሽንት ቤት መስመር ወደ ዝናብ ማፋሰሻው ተቀጥሎ በቀበና ወይም በባንትይቀጡ ወንዝ የሚያልቅ ብዙ ነው። ኮሚቴው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሰፈሩን እየዞረ የትኛው ግቢ ምኑን የት እንደሚለቅ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣል። ጎረቤትን ለመክሰስ ሳይሆን አዲሱ መስመር ሲዘረጋ ሁሉም በትክክለኛው ቦታ እንዲገናኝ ነው።

ሰነዱን ጠይቁ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መጠየቅ መብታቸው እንደሆነ ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃን የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ስለዚህ ሰነድ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

የሚያስፈልጋችሁ አራት ነገር ነው፦ የመስመሩ ንድፍ፣ የሥራና የመጠን ዝርዝሩ፣ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የተቆጣጣሪው መሐንዲስ ማንነት። በቃል አትጠይቁ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም አስመቱበት። ነገ «አልደረሰንም» ሲባል የሚያከራክር ነገር አይኖርም።

ዶማ ከመነሳቱ በፊት

በነባር ሰፈር አብዛኛው ቤት የጭቃ ነው፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ማሽን ሲቆፍር ይንቀጠቀጣል። በመስመሩ ዳርና ዳር ያሉትን ግድግዳዎች አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ አግድም መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። ቁፋሮው ሲያልፍ ስንጥቁ ከእርሳሱ አልፎ ከሆነ ማንም «ድሮም ነበረ» ሊላችሁ አይችልም፤ ካላለፈም ተቋራጩ ያለ ጥፋቱ አይከሰስም። ይህች ትንሽ ሥራ ስንት ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

የቆጣሪ ቁጥሮችንም በየግቢው መዝግቡ። በቁፋሮ ጊዜ መስመር ይቆረጣል፤ መልሶ ሲቀጠል የሚረሳው ሁልጊዜ ከጓሮ ያለው፣ ድምፅ የሌለው ቤት ነው።

ወቅቱንም ተመልከቱ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ቁፋሮው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጣደፋል፤ ያ ደግሞ ዝናብ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ውሃ የጠጣ አፈር ተጠቅጥቆ አይጠብቅም። ሥራው ወደ ክረምት እየተንሸራተተ ከሆነ በሚያዝያ ጻፉ፤ ሐምሌ ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ቦዩ ሲከፈት

ሰዓታችሁንና ጉልበታችሁን የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን። በየቀኑ ሁለት ሰው በተራ ይውጣ፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ ሰው ተመልከቱ። ቦዩ አጥር አለው? በየበሩ ሽማግሌና ሕፃን የሚሻገርበት ጠንካራ መተላለፊያ ተደርጓል? አንድ ሜትር ተኩል ያለፈ ቦይ ግድግዳው ካልተደገፈ ሊናድ ይችላል፤ ውስጡ ያለው የቀን ሠራተኛም የሰው ልጅ ነው። ይህን አይታችሁ ዝም አትበሉ።

ቀጥሎ ወለሉን እዩ። ቱቦ በባዶ ድንጋይ ላይ አይተኛም፤ ከሥሩ አሥር አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ደቃቅ ነገር ይነጠፍለታል። ከላዩ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሳንቲ ሜትሮች ድንጋይ በሌለው አፈር በእጅ ይሞላሉ፤ ማሽን ከነድንጋዩ ሲገለብጥበት የፕላስቲክ ቱቦ እዚያው ይሰነጠቃል። ከዚያ በላይ ያለው በገረጋንቲ ወይም በተመረጠ አፈር፣ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር እየተነባበረ፣ እያንዳንዱ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። የወጣው መረሬ አፈር ተመልሶ ከገባ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አስፋልቱም አብሮት ይሄዳል።

የውሃና የፍሳሽ መስመሩ ጎን ለጎን ሲሄዱ የመለያያ ርቀታቸውን ለኩ። በአንዳንድ አገሮች የሚሠራበት ልክ በጎን ሦስት ሜትር ነው፤ ሲሻገሩም የውሃው ቱቦ ከላይ ሆኖ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይኖራል። በጠባብ መንደር ሦስት ሜትር ላይገኝ ይችላል፤ ውሃው ከላይ የመሆኑ ነገር ግን አይታለፍ። ምክንያቱ ፈረቃ ነው። ውሃ ቀኑን ሙሉ ግፊት ካለው ቱቦው ቢቀደድ እንኳ ወደ ውጭ ያፈሳል። በፈረቃ ሲሆን ግን ውሃው ሲቋረጥ ቱቦው ባዶ ይሆንና በቀዳዳው በኩል ዙሪያውን ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ያ እርጥበት ከሚያፈስ የፍሳሽ መስመር የመጣ ከሆነ ውሃው በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀዳው ጀሪካን ምን ይዞ እንደሚወጣ አስቡት። ሁለቱን መስመሮች የሚከታተል አንድ ኮሚቴ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የፍሳሽ መስመር ቁልቁለቱን ጠይቁ። ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ቱቦ የተለመደው ዝቅተኛ ልክ በመቶ ሜትር አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሃምሳ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ማንሆሎች መካከል ሃያ ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት ማለት ነው። ይህንን ግንበኛችሁ ወለል በሚያስተካክልበት ውሃ በተሞላ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ሊያጣራው ይችላል። ቀጥ ማለቱን ደግሞ ቤት ሳይገናኝበት በመስታወት እዩት፦ አንድ ሠራተኛ በአንዱ ማንሆል በኩል ባትሪ ያበራል፣ ሌላው በሚቀጥለው ማንሆል በኩል መስታወት አጋድሞ ያያል። የብርሃኑ ክብ ሙሉ ሆኖ ከታየ መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ ግማሽ ጨረቃ ከሆነ መሐል ላይ ሰምጧል ወይም ጎብጧል፣ ነገ ቆሻሻ የሚጠራቀመውም እዚያ ነው። ይህ ለአዲስ፣ ፍሳሽ ላልገባበት መስመር ብቻ ነው። አገልግሎት ላይ ያለ ማንሆል ውስጥ ማንም የኮሚቴ አባል አይውረድ፤ ውስጡ የሚታመቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል።

የውሃው መስመር የግፊት ፍተሻ ሲደረግ ተገኙ። የተለመደው ቱቦው በሥራ ላይ ከሚሸከመው ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ ለተወሰነ ሰዓት ማቆየትና የመለኪያው መርፌ እንዳይወርድ ማየት ነው። እስከዚያ ድረስ መገጣጠሚያዎቹ አይሸፈኑ። ሁልጊዜ የሚነሳው ክርክርም እዚህ ጋ ነው፤ ፎርማኑ ከሰዓት ሰማዩን አይቶ ይቸኩላል።

«ጋሼ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ዛሬ ካልደፈንነው ቦዩ ይናዳል።»

«ልጄ፣ መሐሉን ድፈኑት፣ አልከለከልንም። መገጣጠሚያዎቹን ብቻ ክፍት ተዉልን፤ ነገ ግፊቱ ይለካና እናንተም እኛም እንገላገላለን።»

እንዲህ ያለ መልስ ሥራውን አያቆምም፣ መብታችሁንም አያስጥልም። ፍተሻው ካለፈ በኋላ መስመሩ በክሎሪን ታጥቦ መለቀቁን ጠይቁ።

ጉድለት ስታገኙ

ሠራተኛውን አትዘዙ፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ከራሱ አለቃ ነው። ተቋራጩም በውሉ መሠረት ትእዛዝ የሚቀበለው ከተቆጣጣሪው መሐንዲስ ነው። ስለዚህ ያያችሁትን ቦታውን፣ ሰዓቱንና ልኩን ጨምራችሁ ለመሐንዲሱ በዚያው ቀን በጽሑፍ ስጡ። «ሥራው ጥራት የለውም» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ «ከእድሩ አዳራሽ በስተግራ ከሁለተኛው ማንሆል አንሥቶ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል አሸዋ ሳይነጠፍ ቱቦ ተቀብሯል፣ ፎቶው ተያይዟል» የሚል ደብዳቤ ግን ባለሙያን ከወንበሩ ያስነሳል። መልስ ከጠፋ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከዚያ ወደ ወረዳውና ወደ ምክር ቤቱ ሂዱ። መረጃ የተከለከላችሁ እንደሆነ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

በደንብ የተሠራውንም ጻፉ። ጥሩ የሠራ ፎርማን ስሙ በሪፖርት ቢጠቀስ ይገባዋል፤ ቀጣዩን ቦይም በሌላ ልብ ይቆፍረዋል።

ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ኮሚቴው በታዛቢነት እንዲጠራ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የማንሆል ክዳኖችን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ከመንገዱ ጋር እኩል መሆናቸውን፣ እግር ሲያርፍባቸው አለመነቃነቃቸውን እዩ። ቫልቮቹ ይከፈቱ፣ ይዘጉ። በፈረቃችሁ ቀን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለው የመጨረሻ ቤት ውሃ መድረሱን የዚያን ቤት ባለቤት ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ ተቋራጩ ጉድለት የሚያርምበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ያ ዓመት አንድ ክረምት ይይዛልና አትተኙበት። መስከረም ላይ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ሂዱበት፤ የሰመጠ ኮብልስቶን፣ የተሰነጠቀ አስፋልት፣ በደረቅ ቀን የረጠበ መሬት ካያችሁ የመጨረሻው ርክክብ ሳይፈረም በደብዳቤ አሳውቁ።

በመጨረሻም መስመሩ በእርግጥ የተቀበረበትን የሚያሳይ ንድፍ ለቅርንጫፉ መሰጠቱን አረጋግጡ፤ አንድ ቅጂ በወረዳው ይቀመጥ። እናንተም በደብተራችሁ ላይ እያንዳንዱ ቫልቭና ማንሆል ከሁለት ቋሚ የግንብ ማዕዘኖች ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ደብተሩ የኮሚቴው ዘመን ሲያበቃ በፊርማ ለቀጣዩ ኮሚቴ ይተላለፍ።