ኮምፒዩተሩ እምቢ አይልም፦ በፕሮቲን ሲሙሌሽን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፕሮቲን ሲሙሌሽን፣ ማለትም የፕሮቲን አቶሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር ማስመሰል፣ አንድ ክፉ ጸባይ አለው። ብትሳሳቱም ይሠራል። የተበላሸ ነገር ብትሰጡት ኮምፒዩተሩ እምቢ አይልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ አድሮ ጠዋት የሚያምር ቪዲዮ ያስረክባችኋል። ፕሮቲኑ ይወዛወዛል፣ የሚተነፍስ ይመስላል። ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት እንግዲህ የእናንተ ሥራ ነው።

የወረደውን ፋይል እንዳለ መጠቀም

የፕሮቲኖች ቅርጽ ከሚቀመጥበት ከፕሮቲን ዳታ ባንክ ያወረዳችሁት ፋይል ያለቀለት ሞለኪውል አይደለም። አብዛኞቹ ፋይሎች በኤክስሬይ የተገኙ ናቸው፤ ኤክስሬይ ደግሞ ሃይድሮጅንን ብዙ ጊዜ አያሳይም። በጣም የሚንቀሳቀሱ የፕሮቲኑ ክፍሎች ጭራሽ ሊጎድሉ ይችላሉ። ለኤክስሬዩ ሲባል ፕሮቲኑን ክሪስታል ለማድረግ የገባ ጨው ወይም ግሊሰሮልም አብሮ ተቀምጦ ታገኙ ይሆናል።

ሃይድሮጅኖቹን ፕሮግራሙ ራሱ ይጨምራል። ግን በግምት ነው የሚጨምረው። ሂስቲዲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ውሰዱ። ሃይድሮጅኑ በአንደኛው ናይትሮጅን ላይ፣ በሌላኛው ላይ ወይም በሁለቱም ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ይህ ሂስቲዲን መድኃኒት በሚገባበት የፕሮቲኑ ኪስ (ጎድጓዳ ቦታ) ውስጥ ከሆነ፣ የአንድ ሃይድሮጅን ስህተት መድኃኒቱን ከቦታው ሊያስወጣው ይችላል። በመደበኛ ሲሙሌሽን ሃይድሮጅኑ ከአቶም ወደ አቶም አይዘልም። መጀመሪያ ያስቀመጣችሁበት ቦታ እስከ መጨረሻው ይቆያል። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ብታጠፉ አይቆጫችሁም።

አንዴ አስኪዶ ማመን

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው።

ኮምፒዩተሩ የአቶሞችን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ብዙውን ጊዜ በ2 ፌምቶሰከንድ እርምጃ ነው፤ አንድ ፌምቶሰከንድ የቢሊዮንኛ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ለመድረስ 500 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮቲኖች ግን ቅርጻቸውን ለመለወጥ ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) እና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። በ1977 ሳይንቲስቶቹ ማካመን፣ ጌሊንና ካርፕለስ የመጀመሪያውን የፕሮቲን ሲሙሌሽን ሲያወጡ፣ 58 አሚኖ አሲድ ያላትን አንዲት ትንሽ ፕሮቲን ያለ ውሃ ለ10 ፒኮሰከንድ (ፒኮሰከንድ የቢሊዮንኛ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው) እንኳ ላልሞላ ጊዜ ነበር ያስኬዱት። በ2010 የዴቪድ ሾው ቡድን አንቶን በተባለ ለዚሁ በተሠራ ማሽን ያችኑ ፕሮቲን ለአንድ ሚሊሰከንድ አስኬዳት። መቶ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው! እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ግን ስንቱ ነው?

አብዛኞቻችን ጥቂት መቶ ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) አስኪደን «ይህ ኪስ አይከፈትም» እንላለን። አንድን ሰው ወንበር ላይ ለአምስት ደቂቃ አይቶ «መራመድ አይችልም» እንደማለት ነው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ የአቶሞቹን መነሻ ፍጥነት እየቀያየራችሁ አስኪዱት። ሦስቱ የተለያየ ነገር ካሳዩ ቆንጆውን መርጣችሁ ሌሎቹን አትደብቁ። ልዩነቱ ራሱ ውጤት ነው፤ ገና በቂ ጊዜ እንዳላስኬዳችሁ እየነገራችሁ ነው።

መስመሩ ሲተኛ «ተረጋጋ» ማለት

አርኤምኤስዲ ፕሮቲኑ ከመነሻ ቅርጹ ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ ቁጥር ነው። ግራፉ ቀጥ ብሎ ሲተኛ ሁሉም እፎይ ይላል። ነገር ግን ከአንድ ቤት እኩል አሥር ኪሎ ሜትር የራቁ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲኑም ያንኑ ርቀት ይዞ ቅርጹን ሊቀያይር ይችላል። ስለዚህ የምትጠይቁትን ነገር በቀጥታ ለኩ። ጥያቄው ስለ ኪሱ ከሆነ የኪሱን ስፋት፣ ስለ ሁለት ክፍሎች ከሆነ በመካከላቸው ያለውን ርቀት።

ፎርስ ፊልድን በልማድ መምረጥ

ፎርስ ፊልድ አቶሞች እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚወስነው የቀመርና የቁጥር ስብስብ ነው። አምበርና ቻርም የታወቁት ናቸው። «የቢሮ ጓደኛዬ የሚጠቀመው እሱን ነው» የሚለው በቂ ምክንያት አይደለም። ቋሚ ቅርጽ የሌላቸውን ፕሮቲኖች ብዙዎቹ የቆዩ ፎርስ ፊልዶች ከሚገባው በላይ ጨምቀው ያሳያሉ። ቲፕ3ፒ የሚባለው እጅግ የተለመደ የውሃ ሞዴል ደግሞ ከእውነተኛው ውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይሰራጫል። በእሱ ያገኛችሁትን የስርጭት ፍጥነት እንዳለ አትዘግቡ።

አንድ ሌላ ነገር፦ መደበኛ ፎርስ ፊልድ የኬሚካል ቦንድ አይሰብርም። የኢንዛይም ኬሚካላዊ ምላሽ ማየት ከፈለጋችሁ ዋርሸልና ሌቪት በ1976 የጀመሩት የኳንተምና የክላሲካል ቅይጥ ዘዴ (ቦንዱ የሚሰበርበትን ክፍል በኳንተም፣ ሌላውን በተለመደው ፎርስ ፊልድ የሚያሰላ) ያስፈልጋችኋል። ሁለቱም ከካርፕለስ ጋር የ2013ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርተዋል።

የቀሩት

ፕሮቲኑ የተቀመጠበትን የውሃ ሳጥን አታጥብቡት፤ ኮምፒዩተሩ ሳጥኑን በየአቅጣጫው እየደጋገመ ስለሚያሰላ ፕሮቲኑ የራሱን ቅጂ ከጎኑ ያገኝና ይረበሻል። የሳጥኑን አጠቃላይ ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ በአዮኖች (ቻርጅ ባላቸው አቶሞች) ዜሮ አድርጉ። በርንድሰን የተባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ለማሟሟቂያ ይሁን እንጂ ለዋናው ሩጫ አይሁን፤ ተፈጥሯዊውን መዋዠቅ ያፍናል።

ቪዲዮውን ስትከፍቱ ፕሮቲኑ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ በሳጥኑ በሌላኛው ጫፍ ተገኝቶ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ብዙ ጀማሪ ይህን አይቶ ሥራውን ከዜሮ ጀምሯል። የተቆረጠ ነገር የለም። በአንዱ ግድግዳ የወጣ አቶም በተቃራኒው ግድግዳ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። የተበተነውን የሚሰበስበውን ትእዛዝ አስኪዱና መልሳችሁ ክፈቱት።