ኢኢጂ ሲያስቸግር ከየት ልጀምር?

ኢኢጂ ማለት ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ከቆዳ ላይ የሚለቅም ትንሽ ብረት) የተሰካበት ቆብ ራስ ላይ አድርጎ የአንጎልን ኤሌክትሪክ መመዝገብ ነው። ይሄ ኤሌክትሪክ የራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ በጣም ደካማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን ነው፤ ማይክሮቮልት ደግሞ የአንድ ቮልት ሚሊዮነኛ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩም፣ ላቡም፣ የዓይን መርገብገቡም በቀላሉ ይውጠዋል። «ግድ የለም፣ በኋላ በሶፍትዌር ይጸዳል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አስር ደቂቃ ቆቡ ላይ ብትሠሩ ይሻላል።

መስመሩ ሁሉ ወፍሮ ጠቁሯል

ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር አጉሉትና እዩት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50 እኩል ጥርስ ካለው የመብራት ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ 60 ቁጠሩ። አንድ ቻናል (የአንድ ኤሌክትሮድ መስመር) ላይ ብቻ ከሆነ ያንን ኤሌክትሮድ አስተካክሉ። ሁሉም ላይ ከሆነ ግን ኤሌክትሮዶቹን አንድ በአንድ አትነካኩ። መጀመሪያ ሪፈረንሱን (ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ጋር የሚነጻጸሩበትን ኤሌክትሮድ) እና ግራውንዱን (ሰውየውን ከማሽኑ የጋራ መነሻ ጋር የሚያገናኘውን) እዩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ጄል ለሁለቱም እንደገና አድርጉ። ከዚያ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ይሥራ፣ ገመዶቹንም አንድ ላይ ሰብስባችሁ እሰሩ። የመብራቱን ድግግሞሽ በሶፍትዌር የሚቆርጠው ማጣሪያ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ኢምፒዳንሱ አልወርድ አለ

ኢምፒዳንስ ማለት በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ኤሌክትሪኩን የሚገታው ተቃውሞ ነው፤ በኦም ይለካል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። በተለመደው ኤሌክትሮድ ከ5 ኪሎ ኦም በታች ይፈለጋል። አክቲቭ የሚባሉት፣ ማጉያቸው እላያቸው ላይ ያለው፣ ከዚያ በላይም ይችላሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፀጉር ነው። ቆቡ ጥቅጥቅ ባለና በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ይንሳፈፋል፣ ኤሌክትሮዱ ቆዳውን አያገኝም። የጥጥ እንጨት ያዙ፤ በኤሌክትሮዱ ቀዳዳ አስገብታችሁ ፀጉሩን ግራና ቀኝ ክፈሉ፣ ነጣ ያለው የራስ ቆዳ እስኪታያችሁ። ቆዳውን ቀስ አድርጋችሁ እሹት፣ ሳይደማ። ከዚያ ጄሉ ይግባ፣ ግን አታብዙት። ከበዛ ወደ ጎረቤቱ ኤሌክትሮድ ይፈስና ሁለቱ ቻናሎች መንታ ይሆናሉ፤ ያኔ መጥረግና እንደገና መጀመር ነው።

ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ደግሞ ምንም ብታሹ አይሆንም፣ ቅባቱ ይከላከላል። ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፦ ማታውን በሻምፑ ታጠቢ፣ ቅቤም ዘይትም ኮንዲሽነርም ይቅር። ሹሩባ የተሠራችን ሴት ግን «ፍቺውና ነይ» ማለት ይከብደኛል። የስንት ሰዓት ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ከጥናት የሚቀሩ ሰዎች አሉ፣ ስለ «ሰው አንጎል» የሚጻፈው ደግሞ እነሱን ሳይጨምር ነው። አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ፀጉሩን ኤሌክትሮድ በሚያርፍበት መስመር ሹሩባ ሠርተው፣ በሹሩባው መሃል የሚሰካ መያዣ አዘጋጅተዋል። ጠላት የተባለው ሹሩባ ራሱ ኤሌክትሮዱን ይዞ አቆመው። እጃችሁ ላይ መያዣው ባይኖርም መሃል ለመሃል መክፈሉን መሞከር ትችላላችሁ።

ግንባር ላይ ትልልቅ ጉብታ

የዓይን መርገብገብ ነው። ሰውየውን «አትርገብግብ» አትበሉት፣ ይብስበታል። የሚያይበት ነጥብ ስጡት፣ በየመሃሉ አሳርፉት። የተረፈውን አይሲኤ (የተደባለቁ ምልክቶችን የሚለያይ የሶፍትዌር ስሌት) ያወጣዋል። ከጆሮ በላይ ባሉት ቻናሎች መስመሩ ችፍግ ያለ ከሆነ መንጋጋውን ነክሷል፤ «አፍህን ትንሽ ከፈት አድርግ» በሉት። መስመሩ እንደ ማዕበል ቀስ እያለ ከወጣና ከወረደ ላብ ነው፣ ክፍሉን አቀዝቅዙ።

ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ግን አንጎል ነው ወይ?

ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ይበል። ከኋላ ባሉት ቻናሎች ላይ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ የሆነ ሞገድ ብቅ ይላል፣ ሲከፍት ይጠፋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1929 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ይሄንኑ አልፋ የሚባል ሞገድ ነው። ካልታየ ሰውየውን አታባርሩ፣ አልፋቸው ደካማ የሆነ ሰዎች አሉ። ሜትር አውጡና ቆቡን ለኩ፦ መሃለኛው ኤሌክትሮድ ከአፍንጫ ሥርና ከማጅራት በላይ ካለችው የአጥንት ጉብታ እኩል ርቀት ላይ ካልሆነ፣ ቆቡ ተንሸራቷል።