የዓሣ ኩሬን ከልብስ ማጠቢያ ፍሳሽ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለማርባት ያሰበ ሰው፣ ኩሬውን ከመቆፈሩ በፊት ከቦዩ በላይ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ መኖር አለመኖሩን ማየት ይኖርበታል። ዱቄት ሳሙና ቅባትን ከጨርቅ እንደሚያላቅቅ ሁሉ የዓሣውን ገላና ስንጥብ (በውኃ ውስጥ የሚተነፍስበትን አካል) የሚጠብቀውን ልጋግም ይገፈዋል፤ ከዚያም የስንጥቡ ስስ ሽፋን ስለሚያብጥ ዓሣው በውኃው ውስጥ በቂ ኦክስጅን እያለ እንኳ መተንፈስ ይቸግረዋል፣ ፀረ ተባይን የመሳሰሉ ሌሎች መርዞችም ወደ ሰውነቱ በቀላሉ ይገባሉ። አረፋ ከሚያወጡት ኬሚካሎች ብዙዎቹ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ከደረሱ ዓሣ ሊገድሉ ይችላሉ፤ ጫጩቶች ደግሞ ከትልልቆቹ ቀድመው ይጎዳሉ። ፎስፌት ያለበት ሳሙና በበኩሉ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ያበዛል፣ አልጌውም ሌሊት ኦክስጅኑን ይሻማል።

ስለዚህ ኩሬውን ጎሕ ሲቀድ ይመልከቱ። ቆሮሶዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ፀሐይ ስትሞቅ የሚተዉት ከሆነ ችግሩ የሌሊቱ የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ከቀጠሉ ግን የስንጥብ ጉዳትን ይጠርጥሩ። አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል የእሱ ደህና መምሰል አያዘናጋዎት። ጥርጣሬ ሲኖር ከቦዩና ከንጹሕ ምንጭ የተቀዳ ውኃን በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች እስከ ግማሽ ሞልተው እኩል ይናጡ። የበሰበሰ ቅጠልም አረፋ ስለሚያወጣ ፈተናው ፍጹም ባይሆንም፣ የቦዩ አረፋ ቶሎ ካልጠፋ መግቢያውን ወዲያውኑ ይዝጉ።

ከዘጉ በኋላ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ካለ ጥቂት በጥቂት እያስገቡ የቆየውን ያፍስሱ፣ ውኃውንም ከከፍታ እያፈሰሱ ከአየር ጋር ያገናኙት። ዓሦቹ እስኪረጋጉ መኖ አይስጡ፤ ፍግ መጨመርም የቀረውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ፈጽሞ አይገባም። የሞቱትን ቅበሩ እንጂ ለገበያ አታውጡ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ወንዙ የሚቀጥንበት በጋ ነው፤ በተለይ በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ የሚታጠበው ልብስ ብዙ፣ የሚያቀጥነው ውኃ ግን ጥቂት ነው። በእነዚያ ቀናት ቦዩን አስቀድሞ መዝጋት ይበጃል። ለዘለቄታው ደግሞ «ማጠብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከመትከል ይልቅ፣ እጣቢው ወደ ወንዙ ሳይመለስ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ጉድጓድ ያለው የድንጋይ ማጠቢያ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ መሥራት የተሻለ ውጤት እንዳለው አምናለሁ። የራስዎን መረብና ባልዲም በውኃ ብቻ ያጥቡ፤ በረኪና የነካውን ዕቃ ደጋግመው አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ሳያደርቁ ወደ ኩሬው አያስገቡ።