ፕራክቲከም የሚወጡ የቋንቋ እጩ መምህራንን ስናግዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ እንግሊዘኛ አስተምራለሁ፣ ፕራክቲከም (ክፍል ገብቶ የማስተማር ልምምድ) የሚወጡ እጩዎችም በየጊዜው ይመደቡልኛል፣ እና ከታች ያሉትን አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ኋላ ወንበር ተቀምጦ መሃል ላይ ማረም። አንዷ እጩ ልጅ ሰሌዳ ላይ "ሺ ዶንት" ብላ ስትጽፍ ከኋላ "ደዝንት!" አልኳት፣ 60 ምናምን ተማሪ ዞሮ አየኝ። ከዛ ወዲህ አንድ ነገር በጻፈች ቁጥር የኔን ፊት ታያለች እንጂ ተማሪዎቹን አታይም። አሁን ማስታወሻ ላይ እይዘውና ለብቻችን እናወራለን፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ራሷ ታስተካክለዋለች።

ሁለተኛው ለኔ ዋናው ነው፣ ደወል እንደተደወለ ስህተት መዘርዘር። ልጁ "እሺ ቲቸር፣ እሺ ቲቸር" ይላል፣ በማግስቱ ያው ነው። መጀመሪያ እሱ ይናገር፣ የቱ ጋ ነው ተማሪዎቹ የጠፉብህ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ነው ዝም ያሉት በሉትና እናንተም ዝም በሉ። ነገ ጃናሞራ ወይ በየዳ ያለ ሩቅ ወረዳ ሲመደብ ኋላ ተቀምጦ የሚነግረው ሰው የለማ! የቅኔ ተማሪ እንኳ ብቻውን ወጥቶ ቅኔውን ቆጥሮ (ፈጥሮ) ነው መጥቶ የሚነግረው፣ የኔታ ያርሙታል እንጂ አይቆጥሩለትም።

የራሳችንን ሌሰን ፕላን ገልብጡ ብሎ መስጠትም አለ። ዓላማውን ብቻ ስጧቸው፣ አክቲቪቲውን እነሱ ይምረጡ።

ሌላው "ክፍሉ እንዳይቀዘቅዝ" እያልን ማጣደፋችን ነው፣ እጩው ይጠይቅና ወዲያው ራሱ ይመልሳል። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳይንስ ክፍሎችን አጥንታ መምህራን ከጠየቁ በኋላ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት ግን የተማሪው መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። የኛ ልጆች ደግሞ በአማርኛ አስበው ወደ እንግሊዘኛ እስኪያመጡት ከዛም በላይ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ እጩውን አይዞህ፣ ዝምታውን አትፍራው፣ በልብህ ቁጠር በሉት።

የመጨረሻው፣ ማስተማሩ ላይ ብቻ አተኩሮ የእጩውን የራሱን እንግሊዘኛ መርሳት። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፣ በስልካቸው 5 ደቂቃ ድምፃቸውን ይቀዳሉ፣ ማታ ያዳምጡትና ለሳምንቱ የሚሠሩበትን አንድ ነገር ብቻ ራሳቸው ይመርጣሉ። አልሰማውም፣ አልመርጥላቸውም። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ደብተሯን ይዛ መጣችና "ቲቸር፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ 'ኦኬ' ስንት ጊዜ እንዳልኩ ያውቃሉ? 23!" አለችኝ፣ በቀጣዩ ሳምንት 9 አድርሳዋለች።