«ልክና ስህተት እንደየሰዉ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ቡና ይዘው የሚቀመጡ ወጣቶች አንድ ቀን እዚህ ክርክር ውስጥ መግባታቸው አይቀርም። አንዱ «ልክ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም እንደየሰዉ ነው» ይላል። ሌላው ይናደዳል። ከዚያ ሁለቱም ስለተለያየ ነገር ሲጯጯሁ ያመሻሉ። እኔ ከተናደደው ጋር ነኝ። ጭካኔ ክፉ የሆነው እኛ ስላልወደድነው አይደለም፤ ሁላችንም ተስማምተን ብናጨበጭብለትም ክፉ ነው። ሞራል ከሰው አስተያየት ውጭ የሚቆም እውነት አለው ሲባልም ይኸው ነው። ግን ሐሳቡን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች አሉ፣ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሰው ካልተስማማ እውነት የለም ማለት

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ጆን ማኪ የሚባለው አውስትራሊያዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞራል የሰው ፈጠራ ነው ብሎ ሲከራከር አንዱ መነሻው ይህ ነበር፤ ሕዝቦች በሞራል ጉዳይ ይህን ያህል የሚለያዩት የሚያገናኛቸው እውነት ስለሌለ ነው አለ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ግን አለመስማማት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የዓባይን መነሻ አስቡት። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን ግሼ ዓባይን አየ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 መጥቶ ከአውሮፓ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ፣ ሰዉም ተከራከረበት። ምንጩ ግን እነሱ እስኪስማሙ አልጠበቀም።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንለያየው በሞራሉ ሳይሆን በመረጃው ነው። ክረምት ሲገባ ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁ መግቢያው ላይ መረብ ይዘረጋል። ዓሣዋ ዳር ላይ ሆዷ ሲከፈት ቢጫ እንቁላል ግጥም ብሎ ሞልቶባታል፤ ቢላዋው ጠረግ ያደርገውና ውኃ ላይ ይጣላል። ሽማግሌው «ልጄ፣ የነገውን ነው የጣልከው» ይላሉ። ወጣቱ «ጋሼ፣ ሐይቁ ሰፊ ነው፣ አያልቅም» ይላል። ልብ በሉ፣ ወጣቱ የልጆቼን ጉሮሮ ብዘጋ ምን አለበት አላለም። ሁለቱም ልጆችን ማስራብ በደል መሆኑን ያምናሉ። የተለያዩት ዓሣው ያልቃል አያልቅም በሚለው ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ተጠንቶ መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው፤ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር በጣም ቀንሷል። «ባህላችን ስለሚለያይ ሞራላችን ይለያያል» ከማለት በፊት እንዲህ ዓይነቱን ልዩነት ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

ወግና ሞራልን መቀላቀል

የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የጻፈው የታወቀ ታሪክ አለ። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ሬሳ የሚያቃጥሉትን ግሪኮች ጠርቶ የአባቶቻችሁን ሬሳ በስንት ገንዘብ ትበላላችሁ አላቸው፣ በምንም አሉ። የሞተ ወላጃቸውን የሚበሉትን ካላቲያውያን ደግሞ በስንት ታቃጥላላችሁ ሲላቸው በድንጋጤ ጮኹ። ይህን ይዘው «በቃ፣ ልክ የሚባል ነገር የለም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሁለቱም አባታቸውን ሊያከብሩ ነው የፈለጉት። የተለያየው ክብሩ የሚገለጥበት መንገድ ነው። እኛ ለትልቅ ሰው ከመቀመጫችን እንነሳለን፣ ሌላው አገር ላይነሳ ይችላል፤ ሰውን ማዋረድ ግን ሁለቱም ጋ ማዋረድ ነው።

ብዙኃኑ ያለው ልክ ነው ብሎ መቀበል

ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። «ልክ ማለት ማኅበረሰቡ ልክ ያለው ነው» የሚል ሰው የጣናን ወይጦዎች ታሪክ ያስብልኝ። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት እነሱ ናቸው። ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለብዙ ትውልድ አራቃቸው። አብሮ መብላት ነውር፣ መጋባት የማይታሰብ ነበር። የሠሩትን ታንኳ ገዝቶ ጭነቱን የሚያሻግርበት ሰው ከሠሪው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ይህ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ አይደለም፣ አገሩ ከሞላ ጎደል የተስማማበት ነው።

ልክ ማለት ስምምነት ከሆነ እንግዲህ እነሱን መናቅ ልክ ነበር ማለት ነው። አንዲት የወይጦ እናት «በድላችሁኛል» ብትል ተሳስታለች ማለት ነው፣ ምክንያቱም ከእሷ በቀር ማኅበረሰቡ በደል ነው አላለም። ይሄን እኔ በምንም መንገድ መቀበል አልችልም። በድላችሁኛል ስትል እውነቷን ነው፣ የሚሰማት አንድ ሰው ባይኖርም እውነቷን ነው። የተናቀ ሰው ብዙኃኑን የሚሞግትበት ሌላ ምን አለው? ሥልጣን የለውም፣ ቁጥር የለውም። ያለው ልክ መሆኑ ብቻ ነው።

ባርነትም እንዲሁ። ፍትሐ ነገሥቱ ሥርዓት አበጅቶለት ነበር፤ እስከነጭራሹ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ታዲያ በ1933 ሰው መሸጥ ደህና ነበረና በ1935 መጥፎ ሆነ? አዋጁ በደሉን አልፈጠረውም፣ የነበረውን በደል አመነ እንጂ። «ዛሬ ተሻሽለናል» የሚለው አባባልም ትርጉም የሚኖረው የምንሻሻልበት ነገር ካለ ነው። አለዚያ ተለውጠናል እንጂ አልተሻሻልንም።

እውነት አለ ካልኩ እውነቱ እጄ ላይ ነው ብሎ ማሰብ

ይህ ደግሞ የእኛ ወገን ስህተት ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው። ልክና ስህተት አለ ማለትና እኔ ሁልጊዜ ልክ ነኝ ማለት ሰማይና ምድር ናቸው። እንዲያውም ልሳሳት የምችለው ከእኔ ውጭ የቆመ እውነት ካለ ብቻ ነው። ሞራል የግል ስሜቴ ከሆነማ ማን ያርመኛል? ወይጦዎችን ያራቁትም እርግጠኞች ነበሩ። ስለዚህ ሞራል እውነት አለው የሚል ሰው ከሁሉም በላይ የተከፋውን ሰው መስማት አለበት፣ ጩኸት ማብዛት የለበትም።

ሁኔታን ማየት ከተጨባጭ እውነት ጋር ይጋጫል ማለት

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው የት እንደተደበቀ ቢጠይቅህ እንኳ አትዋሽ ብሎ ጽፏል። ብዙ ሰው ሞራል እውነት አለው ሲባል ይህን ድርቅና ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ሰው ሐይቁ ላይ እየሰጠመ ሲጮኽ የጎረቤትን ጀልባ ሳይጠይቁ ፈትቶ መቅዘፍ ልክ ነው። ያንኑ ጀልባ ሌሊት ፈትቶ መሸጥ ስርቆት ነው። ሁኔታው ተለወጠ፣ ፍርዱም ተለወጠ፤ ሁለቱም ፍርዶች ግን ለማንም ሰው እውነት ናቸው።

ያለ ሃይማኖት ሞራል የለም ብሎ ክርክሩን መዝጋት

ጣና ላይ ያን ሁሉ ገዳም እያየ ያደገ ሰው ይህን ቢል አይገርምም፣ ላስቀይመውም አልፈልግም። ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከሕገ ኦሪት በፊት ሕገ ልቡና ነበረ ብላ ታስተምራለች። ሰው ጽላቱ ሳይሰጠው በልቡናው ክፉና ደጉን ይለይ ነበር። ጳውሎስም ሮሜ 2 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ ይናገራል። ፕላቶ በጻፈው ውይይት ሶቅራጥስ የጠየቀውም ከዚህ አይርቅም፤ አማልክት የሚወዱት ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ ስለወደዱት ነው ቅዱስ የሆነው? ስለወደዱት ነው ካላችሁ ጭካኔን ቢወዱ ጭካኔ ቅዱስ ሊሆን ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ እንፍራዝ አለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ እንደኖረ የሚነገርለት ዘርዓ ያዕቆብ፣ በስሙ በሚታወቀው ሐተታ፣ ፈጣሪ ሁላችንን እንደ ወንድማማች እኩል ስለፈጠረን ሰውን እንደ ከብት መግዛት ከፈጣሪ የመጣ ሕግ ሊሆን አይችልም ይላል፣ ይህንንም በልቡናችን እንረዳዋለን ባይ ነው። ጽሑፉ የእሱ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያናዊ ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚለው ላይ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። ማንም ይጻፈው፣ ክርክሩ በራሱ ይቆማል። ያመነም ያላመነም ሊመዝነው ይችላል።

መቻቻልን ለማዳን ብሎ እውነትን መጣል

«ሁሉም እንደየሰዉ ካልሆነ እርስ በርስ እንባላለን» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፣ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን መቻቻል ጥሩ ነው የሚለውስ እንደየሰዉ ነው? ከሆነ፣ የማይቻቻለው ሰው «ለእኔ ጥሩ አይደለም» ሲላችሁ ምን ልትመልሱለት ነው? መቻቻልን የሚጠብቀው ሰውን አለመግፋት በእውነት ልክ መሆኑ ነው።

ፈላስፎች ትተውታል ማለት

አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ ሰፊ የፈላስፎች መጠይቅ 62 በመቶ ያህሉ ሞራል እውነት አለው ወደሚለው አዘንብለዋል፣ የተቃወሙት 26 በመቶ ገደማ ናቸው። ቁጥሩ እውነቱን አያረጋግጥም፣ ብዙኃኑ ሊሳሳት ይችላል ብለናልና። «ጊዜው ያለፈበት ሐሳብ ነው» ለሚላችሁ ግን በቂ መልስ ነው።