ዳገት ላይ ገስት ሃውስ ላላችሁ፣ የጊቢ አትክልት ከየት ይጀመራል

አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ወይ እዛው ዳገቱ አካባቢ ገስት ሃውስ የከፈታችሁ ሰዎች ሁሌ ምትጠይቁት ስለ አበባ ነው፣ ምን አበባ ያምራል ችግኙስ ከየት ይገኛል ምናምን። አበባው የመጨረሻ ስራ ነው። ዳገት ላይ መጀመሪያ ሚታየው ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው፣ ምክንያቱም ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲወርድ የደከማችሁበትን ኮምፖስት ከነችግኙ ጠራርጎት ነው ሚሄደው። አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ሚታየው ውሃው ውስጥ በተበተነው ደለል ነው እኮ፣ የናንተም አፈር መጨረሻው ወደዛ ነው።

ስለዚህ ከጊቢው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ (ወደ ጎረቤት እንዳትለቁት ብቻ፣ ጠብ ነው ሚያመጣው)፣ ከዛ እርከን። መስመሩን በአይን ግምት እንዳታወጡ፣ ግንበኞች ሚጠቀሙባትን ውሃ የተሞላች ነጭ ጎማ ለሁለት ይዛችሁ ልኩን እያያችሁ ችካል ምቱ። ግድግዳውን በድንጋይ ብቻ ብትክቡት ይሻላል፣ ኮንሶዎች በ2011 እ.ኤ.አ ዩኔስኮ የመዘገበውን እርከን የካቡት ያለ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃው በድንጋዩ መሃል ስለሚሾልክ ግድግዳው አይገፋም። የለም በሲሚንቶ ነው ምንሰራው ካላችሁ ከታች በኩል ቱቦ እየቀበራችሁ ማስተንፈሻ ተዉለት፣ አለበለዚያ አንድ ክረምት ሆዱን ነፍቶ ይወድቃል። ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ወይ ደሾ ሳር ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ትከሉ። ቬቲቨር ስሩ ወደ ታች ነው ሚሄደው፣ ወደ ጎን ተስፋፍቶ አያስቸግርም፣ ደሾ ደግሞ ሲታጨድ ከብት ላለው ሰው ትሰጣላችሁ።

አሁን ዛፍ። እንግዳው የከፈለው ሐይቁን ሊያይ ነው፣ በረንዳው ፊት ለፊት ማንጎ ተክሎ ከአምስት አመት በኋላ መጥረቢያ ሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ፊት ለፊት ከወገብ ማያልፍ ነገር፣ ትልልቁን ወደ ጎንና ወደ ጀርባ። የድሬዳዋ ዛፍ ሲያብብ ማንም አይጠላውም ግን ስሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ከቤቱም ከእርከኑም አርቁት። ሙዝ ውሃ ስለሚወድ ከሻወር የሚወጣው ውሃ ጋ አድርጉት፣ በረኪናው ብቻ እዛ እንዳይደፋ ለፅዳት ሰራተኞቹ ንገሩ። ፓፓያ ግን ተቃራኒው ነው፣ ውሃ ከተኛበት ስሩ ይበሰብሳል። ሽፈራው (ጋሞዎች ሃለኮ ሚሉት) የሀገሩ ዛፍ ነው፣ ድርቁን ይችላል፣ ቅጠሉም ለኩሽና ይሆናል፣ እኔ በበኩሌ አንድ ጊቢ ያለሱ አይሟላም ባይ ነኝ።

አበባውን ባጭሩ። ቡገንቪሊያ ከለመደ በኋላ ውሃ ካበዛችሁበት ቅጠል ብቻ ነው ሚሆነው፣ ጠማ ሲለው ነው ሚያብበው፣ እሾሁ ግን ከመተላለፊያ ይራቅ። ፍራንጂፓኒ በቁራጭ ይያዛል፣ ቆርጣችሁ ወዲያው እንዳትተክሉት፣ ወተቱ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ላይ አስቀምጡት። ኦሊያንደርን ህፃናት ያሏቸው እንግዶች ምትቀበሉ ከሆነ ተዉት፣ ሁለመናው መርዝ ነው። የወፍ ቆሎም ያምራል ግን ወፎቹ ፍሬውን በየጫካው ይዘሩታል፣ አረም ሆኖ ነው ሚቀረው።

ሳሮችና ችግኞች በሙሉ ዝናቡ ሲጀምር ቢተከሉ ይሻላል፣ ጉድጓዱ ግን ቀደም ብሎ ይቆፈር። ከዛ ግንዱን ሳትነኩ ዙሪያውን በደረቅ ሳር ወይ በሙዝ ቅጠል ጎዝጉዙት፣ ጥርና የካቲት ላይ እርጥበቱን ይይዝላችኋል።

ወባ ያለበት ሀገር መሆኑን አትርሱ። የአበባ ማስቀመጫ ስር ያለ ሰሃን ላይ ውሃ እንዳይከርም፣ በየሳምንቱ ይደፋ። ኩሬ ካላችሁ ትንንሽ ቆሮሶ አሳ ጨምሩበት፣ የትንኟን እጭ ይበላላችኋል።

ዝንጀሮው ግን መላ የለውም ማለት ይቻላል። ማንጎውን ዛፍ ላይ እስኪበስል አትጠብቁ፣ ከቀደማችሁ ቀደማችሁ ነው፣ ቅርንጫፉን ከጣሪያው ራቅ አድርጋችሁ ከርክሙ፣ እንግዶቻችሁም ፎቶ ለማንሳት ብለው ሙዝ እንዳይሰጡት ገና ሲገቡ ንገሯቸው፣ አንዴ ከሰው እጅ ከለመደ በማግስቱ በመስኮት ነው ሚገባው።