የሰው ፊት ሲሣል የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው፦ ከእርሳስ እስከ ዘይት ቀለም

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ከተቀመጡልኝ በኋላ ሥዕሉን አይተው፣ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ግን ይቺ እኔ ሳልሆን ታላቅ እኅቴ ናት» አሉኝ። ዓይኑን አጥፍቼ ደግሜ ብሠራው፣ ከንፈሩን ባሳሳው፣ እኅታቸው ከወረቀቱ አልወጣ አሉ። ጥፋቱ ከዓይኑም ከከንፈሩም ቀድሞ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባሰመርሁት የራስ ቅርጽ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስህተትን በታየበት ቦታ ሳይሆን ከእርሱ በፊት በተሠራው ሥራ ውስጥ መፈለግ ልማዴ ሆኗል፤ ከዚህ በታች ያሉትንም በዚሁ መንገድ አቅርቤአቸዋለሁ።

ሥዕሉ ባለቤቱን አይመስልም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዓይን ወደ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። ከአናት እስከ አገጭ ያለው ቁመት ለሁለት ሲከፈል ዓይን የሚያርፈው በመሐል ነው፤ ጀማሪ ግን ፀጉሩንና ግንባሩን ባዶ ቦታ አድርጎ ስለሚያይ ያሳጥራቸዋል። በእኛ አገር ደግሞ የሹሩባው ወይም የሻሹ ከፍታ ተጨምሮ ልኬቱን ያዛባዋል። ስለዚህ ከጨርቁና ከፀጉሩ በታች ያለው የራስ ቅል የት እንደሚያበቃ ገምቶ በስሱ ማስመር፣ ከዚያም ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣት መለካት ያስፈልጋል። ፊት ለፊት የታየ ራስ ወርዱ አምስት ዓይን ያህል ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ አንድን ሰው ራሱን የሚያደርገው ከዚህ ልኬት የሚያፈነግጥበት ነጥብ ነውና።

ሌላው ምክንያት ዓይንን ማተለቅ ነው። በጎንደሩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባሉት የመላእክት ፊቶች ሥር ያደገ እጅ ሳያውቀው ዓይንን ያሰፋል። እዚያ ላይ ሰፊው ዓይን የታሰበበት ሥርዓት ነው፤ ጎረቤት ላይ ሲሆን ግን የልኬት ስህተት ይሆናል። ሥዕሉን ገልብጦ ወይም በመስታወት ውስጥ ማየት ወዲያው ያጋልጠዋል።

ከፎቶግራፍ የሚሥል ሰው ደግሞ አፍንጫው ተልቆ ጆሮው ከሸሸበት ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የስልኩ ቅርበት ነው። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ በዙም አቅርቦ ማንሳት ይበቃል።

ጥላው በየሰዓቱ ቦታውን ይለውጣል

«በሰሜን በኩል ባለ መስኮት ሥር ሣሉ» የሚለው ምክር ከአውሮፓ የመጣ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜኑ ብርሃን የረጋ ነው። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች፤ የታመንነው መስኮትም በእነዚያ ወራት ጮራ ያስገባል። በዚያ ወቅት መስኮቱን በስስ አቡጀዴ መጋረድና ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መቀመጥ ችግሩን ያቃልለዋል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ምክሩ ያለ ችግር ይሠራል።

እርሳሱ ያብለጨልጫል እንጂ አይጠቁርም፤ ከሰሉም አይያዝም

ግራፋይት (የእርሳሱ ጥቁር መጻፊያ) ሲጫኑት የወረቀቱን ሻካራነት አለስልሶ ብርሃን ይመልሳል። ከቢ ቁጥሮች (እርሳሱ ላይ ከተጻፉት የልስላሴ ምልክቶች) ለስላሳ የሆነውን፣ ለምሳሌ 6ቢን፣ ሳይጫኑ ደጋግሞ መደረብ ይሻላል፤ ፍጹም ጥቁር የሚፈለግ ከሆነ ግን ከሰል ነው። ከሰል በተለሰለሰ ግራፋይት ላይ ስለማይይዝ የሚጠቁረውን ቦታ ከመጀመሪያው ለእርሱ መተው ይገባል። ለስላሳ የማተሚያ ወረቀትም አይቀበለውም።

የቆዳው ቀለም አመድ ይመስላል

በአክሪሊክና በዘይት ቀለም ከዚህ የበለጠ ያስለፋኝ ችግር የለም። ቡናማውን ፊት ለማብራት ነጭ እንጨምራለን፤ ነጭ ግን ማብራት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ይገድለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በቢጫ ኦከር (አፈር መሰል ቢጫ)ና በጥቂት ቀይ ማብራት፣ ነጩን በመጨረሻ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥላውም በጥቁር ቀለም ሲሠራ ጥላሸት ይመስላል፤ በርንት አምበር የተባለውን ጥቁር ቡናማ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ማዋሐድ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣል።

ዋናው ጥያቄ ግን ነጩን አብዝተን ለመጨመር ምን ገፋፋን የሚለው ነው። ባዶ ነጭ ሸራ ላይ ያረፈ ማንኛውም ቡናማ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ስለሚታይ እናነጣዋለን፤ በመጨረሻ ከፊቱ በስተኋላ ያለው ቦታ በቀለም ሲሞላ ፊቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። መፍትሄው ሸራውን አስቀድሞ በቀጠነ በርንት አምበር መቀባት ነው። ነጠላ ለለበሰ ሰው ደግሞ ከፊቱ በፊት ነጠላውን በፈዛዛ ግራጫ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ንጹሑ ነጭ ብርሃን ለመታው ጥቂት እጥፋት ብቻ ይቀመጥ። ነጠላው ብርሃንን ወደ ላይ እንደሚመልስም አይዘንጋ። የጎረቤቴ የአገጭ ሥር ይጠቁራል ብዬ ስጠብቅ ከጉንጫቸው ጥላ ይልቅ ፈክቶና ሞቆ ነበር። ከቤት ውጭ፣ በጥላ ሥር ሲቀመጡ ደግሞ በግንባራቸውና በጉንጫቸው አጥንት ላይ ያረፈው ብልጭታ የሰማዩን ሰማያዊነት ይዞ ነበር፤ ነጭ ብቀባው ኖሮ ፊታቸውን ላብ ያስመስለው ነበር።

የውሃ ቀለሙ ጉንጭ ላይ ጎመን መሰል ጠርዝ ይሠራል

ይህ የሚሆነው ሊደርቅ በተቃረበ ቀለም ላይ የበለጠ ውሃ የያዘ ብሩሽ ሲነካ ነው። በበጋው ደረቅ አየር የእርጥበቱ ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ ጉንጩን በአንድ ትንፋሽ ሠርቶ መተው፣ ለማረም የሚፈልጉም ፈጽሞ እስኪደርቅ መታገሥ አለባቸው። ወረቀቱ የሚኮማተር ከሆነ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይግዙ፤ አለበለዚያ ቀጭኑን አርጥበው ዙሪያውን ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት።

አክሪሊኩ ሳይዋሐድ ይደርቃል

ቀለሙን በረጠበ ጨርቅ ላይ በተነጠፈ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ላይ ያዋሕዱ። ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም አስቀድመው ይገምቱ።

የዘይት ቀለሙ አይደርቅም፣ ወይም ይሰነጠቃል

የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን፣ የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እየጠነከረ ነው። አንድ ጊዜ የተልባ ዘይት አልቆብኝ ከወጥ ቤት የፓልም ዘይት ጥቂት ጠብታ ብጨምርበት፣ ከሁለት ወር በኋላም ግንባሩ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ይቀር ነበር፤ ፓልም በዚህ መንገድ የሚደርቅ ዘይት አይደለምና። ከላይ መቀባቱ ምንም ስለማይረዳ በስለት ፍቄ፣ በተርፔንታይን ጠርጌ ግንባሩን እንደገና ሠራሁት።

ስንጥቅ ደግሞ የሚመጣው ዘይት የበዛበት ንብርብር ከሥር፣ ዘይት ያነሰበት ከላይ ሲሆን ነው፤ ከሥር ያለው ገና ሲንቀሳቀስ የላዩ ጠንክሮ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ንብርብር በተርፔንታይን አቅጥኖ፣ ዘይቱን ወደ ላይ ቀስ በቀስ ማብዛት ይገባል። በአክሪሊክ ጀምሮ በዘይት መጨረስ ይቻላል፤ በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ግን ከጊዜ በኋላ ይላጣል።